ነጯ ቤንዚንና አመዳሙ ናፍጣ

ሰኞ፣ 2

ይህ ደብተር የመኪና ደብተር ነው። ሌላ ነገር አይጻፍበትም።

ጋራዥ ሳለሁ ለምነካው መኪና ሁሉ ደብተር ነበረኝ፤ ምን እንደሚል፣ የት እንደሚያመው፣ ባለቤቱ ምን እንደዋሸ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ደብተሮቹን ባለቤቴ እሳት ማቀጣጠያ አደረገቻቸው። ዛሬ አዲስ ገዛሁ። ሁለት አሮጌ መኪኖች ላወዳድርበት ነው።

ጉዳዩ የልጄ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት። ከመጪው ወር ሰባት ጀምሮ ከተራራው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ተመድባለች። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው አሥር ጠጠርና ዳገት። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ የለም፤ ምጥ ደግሞ ሰዓት አይጠይቅም። አምና የሰው ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጣ ስትሄድ ጭቃ አንሸራቶ ጣላት፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። በጀሶ እጇ ሕፃን ስትቀበል ከረመች። ዘንድሮም ዝናቡ እየመጣ ነው።

መኪና እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለን ለአንድ መኪና ነው የሚበቃው፤ ለስሕተት የሚተርፍ የለም። ልጄ «አባዬ፣ ያንተ ጆሮ እያለ እኔ ምን አስጨነቀኝ» አለች። ጋራዥ ውስጥ ስሜ «ጆሮ» ነበር። ኮፈኑ ሳይከፈት፣ መኪናው በሩን ሳያልፍ፣ ሕመሙን እናገር ነበር። ስለዚህ መኪናውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይመርጥም።

ሐሙስ፣ 5

ነጯን ቤንዚን አየሁ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነድተዋታል፤ ሌላ አገር አታውቅም። ወንበሮቿ ልብስ ለብሰዋል። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንድ የከረሜላ ቆርቆሮና ሦስት የተቀረጹ እርሳሶች አሉ።

አብሮኝ የሄደው ፈጣኑ ነው። እኔ ያሠለጠንኩት መካኒክ ነው፤ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ፤ አንድ ብሎን ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈጅ ስለነበር።

መምህርቷ በማለዳ፣ በቀዝቃዛው ሞተሩን አስነሡልን። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ምንም የለም፤ የተኛ ሕፃን በሉት። «ጠዋት ስትነሣ ትንሽ ትንጫጫለች፤ ከዚያ ይተዋታል» አሉ መምህርቷ። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ስድሳ ልጅ ሲንጫጫባቸው ኖሯል፤ ጸጥታም ይንጫጫባቸዋል። «እትዬ፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው» አልኳቸው። ፈጣኑ ቀና ብሎ አየኝ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ምነው?» አልኩት።

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ።»

ቃልም ለመፍታት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው።

ድምፅ፦ ንጹሕ።

ቅዳሜ፣ 7

ዛሬ አመዳሙን ናፍጣ አየሁ። ባለቤቱ የመሬት ቀያሽ ነው። ቀለሙ ግራጫ ይሁን አቧራ ለማወቅ በጣቴ ፈተግ አደረግሁት፤ ሁለቱም ነው። የሄደው ኪሎ ሜትር የነጯን እጥፍ ነው። የኋላ መብራቱ በፕላስተር ተይዟል። ግን ቀያሹ ዘይት የቀየረበትን ቀን ሁሉ በበሩ የውስጥ ጎን ላይ በእርሳስ ጽፎታል፤ አንድ አልዘለለም። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ሲነሣ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ። ይሄኛው ይናገራል። መሪው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ይሰማኛል። ናፍጣ የሆዱን አይደብቅም። ቤንዚኖች ግን ሰሞኑን ሁሉም ዝም ብለዋል፤ ድሮ እንዲህ አልነበሩም።

ባለቤቴ መንገድ ዳር ሆና አይታው «ይሄ ሰው ይጭናል ወይስ ሲሚንቶ?» አለች። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሰሞኑን በሹክሹክታ ማውራት ጀምራለች። ዕድሜ ድምፅ ይቀንሳል መሰለኝ። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው ሆኗል፤ አንድ ቀን ፈትቼ አየዋለሁ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ እንጃ። ስለ መኪና አይደለም።

ሰኞ፣ 9

ልጄ ደወለች። ኔትወርኩ አይረባም። ስልኩን ወደ ግራ አዛወርኩት፤ ያው። «እሺ፣ እሺ» አልኳት። በምን እንደተስማማሁ አላውቅም።

ሐሙስ፣ 12

ቁጭ ብዬ ላወዳድር።

ቤንዚኗ በብርድም ቢሆን ለመነሣት አታስቸግርም። መለዋወጫዋ የትም አለ፤ የመንደር መካኒክ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ልጄም ባለቤቴም ወደዋታል። ዳገት ላይ ግን ጉልበት የላትም፤ ማርሽ ቀንሶ ማስጮኽ ነው፤ ነዳጁንም እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ናፍጣው ያንኑ ዳገት ተረጋግቶ፣ እየተነፈሰ ይወጣዋል። ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ መሳብ ያውቅበታል። አንዴ ከሞሉት ሳምንት ይሠራል። ችግሩ ጠዋት ይለግማል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎች ከታመሙ ደግሞ ሐኪማቸው ጥቂት ነው፣ ሕክምናቸውም ውድ ነው። ዕድሜውም ገፍቷል። ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ሰው ያስደነግጣል፤ እኔን ግን አያስደነግጠኝም፤ ረጅም መንገድ የሄደ ናፍጣ በየመንደሩ ሲቆምና ሲነሣ ከኖረ ቤንዚን ይሻላል ብዬ ስንቱን መክሬያለሁ።

እና ምን ቀረ? ድምፅ። የነጯ እንከን የለውም።

ሰኞ፣ 16

ወሰንኩ። ነጯ ናት።

ልቤ ናፍጣው ላይ ነው፤ አልዋሽም። የልጅ መኪና ግን በልብ አይመረጥም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያበላኝ ጆሮዬ ነው፤ ጆሮዬ ቤንዚኗን ንጹሕ ናት ካለ፣ ንጹሕ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሄደን እንጨርሳለን።

ማክሰኞ፣ 17

ፈጣኑ በር ላይ ከባለቤቴ ጋር ቆሞ ሲያወራ በመስኮት አየሁ። እጁን እያወራጨ። ስወጣ ዝም አሉ።

«ስለ ቧንቧው ነው» አለች።

የተበላሸ ቧንቧ የለንም።

ቅዳሜ፣ 21

  

ጠዋት መምህርቷ ግቢ ደረስን። ሞተሩን አስነሡ። ባለቤቴ፣ ማርሽና ፍሬን የማትለየው ሴትዮ፣ ወዲያው ፊቷን አኮሳትራ «ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለች።

«የቱ?»

«ይሄዋ። ጣሳ ውስጥ ባቄላ የሚንጡ ነው የሚመስለው።»

መምህርቷን አየኋቸው። «አላልኳችሁም?» በሚል ፊት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስታችንም አንድ ሞተር ላይ ቆመናል፤ እነሱ ባቄላ ይሰማሉ፣ እኔ ምንም።

ረጅሙን ካቻቢቴ አወጣሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ። ይህ የጀማሪ ዘዴ ነው፤ ከተውኩት ሃያ ዓመት ሆኖኛል። እንደነካሁ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ላልቶ ሽፋኑን ይገርፋል። ዘይቱ ሲሞቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። የላላ ሰንሰለት አንድ ቀን ጥርስ ይዘላል። የሚዘለውም ሲጨነቅ ነው፤ ዳገት ላይ። ከዘለለ ሞተሩ እዚያው ይሞታል።

«አውቄ ነበር፤ ልፈትናችሁ ብዬ ነው» አልኩ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ። 

እሑድ፣ 22

ፈጣኑ ቤት ሄድኩ። ቁርስ ላይ ነበር። ሳልቀመጥ ጠየቅሁት። «ያን ዕለት ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አፍህ የት ሄደ? ልጄን ዳገት ላይ ልትገላት ነው?»

እጁን ታጠበ። ጊዜ ወሰደ፤ እንደ ልማዱ። «እርስዎ ንጹሕ ነው ሲሉ እኔ ማን ነኝ? የሰማሁትን ተጠራጠርኩ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ማታ ሁሉ ሳስብ አደርኩ። በመጨረሻ ለእርስዎ መንገር ቢከብደኝ ለባለቤትዎ ለእትዬ ነገርኩ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ፈጣኑ ያውቃል፣ ሚስቴ ታውቃለች፣ ጎረቤት በር አንኳኩቶ ስለማልሰማው በመስኮት መምጣት የጀመረው ድሮ ነው። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እሺ። ይጻፍ። አልሰማም። ወፍራሙን እሰማለሁ፤ ቀጭኑ ሄዷል። የሚንጫጫው፣ የሚያፏጨው፣ የሚንኳኳው፣ የሚስቴ ድምፅ። መቼ እንደሄደ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ከሰው ሐዘኔታ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን በዚህ ጆሮ ልጄን ልሸኛት እንደነበር ነው።

ማክሰኞ፣ 24

አምና የሰፈራችንን ዳቦ ጋጋሪ ማመላለሻ መኪና «ንጹሕ» ብዬ አስገዝቼው ነበር። ዛሬ ሄጄ ጠየቅሁት። በሦስተኛው ወር የፊት ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ መንገድ ላይ ቀረ። እስኪሰበር ድረስ ያፏጭ ነበር አለ።

«ለምን አልመጣህም?» አልኩት።

«አንተ ንጹሕ ካልክ፣ የአነዳዴ ነገር ነው ብዬ» አለ።

በነፃ ሠርቼ ልካስህ ብለው ሳቀና ዳቦ ሰጠኝ።  በዚሁ መምህርቷ ጋ ሄጄ ስለ ሰንሰለቱ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ሳያሠሯት ለማንም እንዳይሸጧት። ፈጣኑ ሊሠራላቸው ነው። «ተማሪ ሲያጠፋ መጥቶ ከተናገረ አልቀጣም ነበር» አሉኝ። ቢቀጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 26

ልጄ እየጎተተች ጆሮ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ፣ ቁልፍ እጄ ላይ። ድምፅ ሲሰማህ ተጫን። እኔ የባለሙያዋን ዐይን በመስታወቱ እያየሁ ስትነካካ እጫናለሁ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ልጄ ገብታ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

«አባዬ፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ታልፊያለሽ ብዬ ዋሽቻት አላውቅም» አለች። ጮክ ብላ ነበር፤ ሰማሁ።

ጆሮዬን የበላው የጋራዡ መዶሻና የአየር መጭመቂያ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ይደረግልሃል ተባልኩ፤ የሚመጣው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። የልጄ ቀን ደግሞ ሰባት ነው። ስንወጣ «አባዬ፣ መኪናው ይቅር፤ በሞተር ሳይክል እሄዳለሁ» አለችኝ። እኔ እያለሁ? ሞተር ሳይክል አትወጣም። ጆሮ ከሌለ ሌላ ይፈለጋል።

ቅዳሜ፣ 28

ሌላው ተገኘ። ባለቤቴ ናት።

«ሠላሳ ዓመት ስናገር ያልሰማኸኝ ሰውዬ፣ አሁን ጆሮዬ ሁኚ ትለኛለህ?» አለች። ሳቋ ግን ቶሎ አላለቀም።

ጠረጴዛው ላይ ድስት፣ ክዳን፣ ማንኪያ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ደረደርኩ። የሚንኳኳ፣ የሚያፏጭ፣ የሚፋጭ፣ የሚያንኮሻኩሽ፤ እያንዳንዱን አሳይቼ ከየትኛው የሞተር ክፍል እንደሚመጣ ነገርኳት። እኔ በማንኪያ እመታለሁ፣ እሷ ዐይኗን ጨፍና ትናገራለች። አንዴም አልሳተችም። ማታ መብራቱን ስታጠፋፋ «ፍሪጁ ያንኮሻኩሻል» አለችኝ። ሄጄ በእጄ ነካሁት። እውነቷን ነው።

እንዲህ ያለ ጆሮ ቤቴ ውስጥ ሆኖ እኔ የጋራዥ ልጆች ሳሠለጥን ኖሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ 1

አመዳሙን ናፍጣ መረመርን። ቀያሹን ሌሊቱን ሳታስነሣው አሳድረው አልኩት፤ የቀዘቀዘ ሞተር አይዋሽም። ሊነጋጋ ሲል ደረስን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄና ፈጣኑ። ፈጣኑን ከበሩ ላይ ያዝኩት። «ዛሬ ጋሼ የሚባል የለም። የሰማኸውን ሳልጠይቅህ ትናገራለህ።»

ሦስት ጊዜ ለግሞ ተነሣ። ባለቤቴ ዐይኗን ጨፈነች። «ያፏጫል። ከፊት፣ በቀኝ በኩል። እንደ ማንቆርቆሪያው» አለች። ፈጣኑ ሳይዘገይ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ፣ «ቺንጊያው ነው፤ ላስቲኩ አርጅቷል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» አለ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ናፍጣው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄድባቸውን አራቱን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ በጣቶቼ ያዝኩ። የሰው የደም ሥር እንደሚያዘው ነው፤ ይመታል። አንደኛው ጥሩ። ሁለተኛው ጥሩ። ሦስተኛው ደክሟል። አራተኛው ጥሩ። «ሦስተኛው ኖዝል» አልኩ። ፈጣኑ ነክቶ አልታወቀውም። ቀያሹ «እሱን ለማወቅ መሣሪያ ይጠይቃል ብለውኝ ነበር» አለ።

እጄ አለ። እጄ የትም አልሄደም።

አሥር ጆንያ አሸዋ ከኋላ ጭነን ዳገቱን ልጄ ነዳችው። ባለቤቴ ከፊት፣ ዐይኗን ጨፍና፤ እኔ ከኋላ፣ መዳፌን ወለሉ ላይ አድርጌ። ጠጠሩ ላይ ስንደርስ ማርሽ ቀንሽ ልላት ነበር፤ ሳልላት ቀነሰች። አልጮኸም፣ አልሞቀም፣ ጫፍ ወጣ። ላይ ስንደርስ ዞሬ «ምን አለ?» ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«ምንም አላለም» አለች። «ያው የሆነውን ነው የሚለው። አይለዋወጥም።»

ከዚህ የተሻለ ምርመራ በሠላሳ አንድ ዓመት አልጻፍኩም።

ዓርብ፣ 4

ኖዝሉ ተቀየረ። ቺንጊያው ተቀየረ። የኖዝሉን ወጪ ከቀያሹ ጋር ተጋራን። ፈጣኑ ለሥራው አልቀበልም አለ፤ ተቆጣሁት፤ አሁንም አልቀበልም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩት። «ከማን ተማርኩት?» አለኝ።

የኋላ መብራቱን ፕላስተር ልጄ አትንካው አለች። ወዳዋለች። ዛሬ ጎማ መቀየር አስተማርኳት፤ አምና በተሰበረው አንጓዋ በኩል ስትጫን ፊቷን አየሁ። አመማት፤ አልተወችም። የኔ ልጅ ናት።

ዝናቡ ዛሬ ጀመረ።

ሰኞ፣ 7

ልጄ ጠዋት ሄደች።

ከመሄዷ በፊት እጄን ኮፈኑ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሞቀ፤ አራቱም እኩል ይመታሉ። «በቃ፣ አባዬ፣ እሄዳለሁ» አለች፤ አፏን አይቼ ነው የገባኝ። ወጣች። ከበሩ ሃያ እርምጃ ሳትርቅ ድምፁ ጠፋብኝ። መታጠፊያው ጋ መኪናውም ጠፋ። ዝናቡ ብቻ ቀረ፤ እሱንም የማየው ነው።

ልገባ ስዞር ባለቤቴ እጄን ያዘች። ሌላኛውን እጇን አንሥታ አንድ ጣቷን ቀጥ አደረገች፤ በማንኪያው ልምምዳችን «ገና ይሰማል» የምንባባልበት ምልክት ነው። ዐይኗን ጨፍናለች። ዝናቡ ፀጉሯ ላይ ይወርዳል። ጣቷ አልወረደም። ገበያውን አለፈች ማለት ነው። ጣቷ አልወረደም። ድልድዩን። እኔ ጣቷን አያለሁ፤ ሌላ የማየው የለኝም። ረጅም ጊዜ ቆምን፤ ጎረቤት በመስኮት አየን፤ ይየን።

በመጨረሻ ጣቷን አጠፈች።

«የመጀመሪያውን ዳገት ወጣች» አለች። ፊቴን ወደ ፊቷ አዙራ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ አድርጋ ነው ያለችው።

ከዚያ ገባን፤ እሷ ፀጉሯን አደረቀች፣ እኔ ሻይ ጣድኩ። ውሃው ሲፈላ ነገረችኝ።